ዝም የሚያሰኝ ሣጥን

ቆርቆሮ ሠሪው ዕድሜ ልኩን ሲሠራ የኖረው የሚንኳኳና የሚንጫጫ ዕቃ ነው፤ ባልዲ፣ አሸንዳ፣ የምድጃ ጭስ ማውጫ። እሱ ራሱ ግን ድምፁ የማይሰማ፣ ለራሱ የሚያጉተመትም ሰው ነው። የሚያጉተመትመው ነገር ደግሞ አያልቅበትም፤ ሁሉንም የሚጀምረው «ምናልባት» ብሎ ነው። «ምናልባት ዛሬ ይዘንብ ይሆናል።» «ምናልባት ይቺ ባልዲ ታፈስ ይሆናል።» ይህን የሚለው ባልዲዋን ለደንበኛ ሲያስረክብ ነው። እንዲህ እያለ የሚሸጥ ሌላ ነጋዴ የት እንደሚገኝ እንጃ። ሰፈርተኛውም እናቱ ያወጣችለትን ስም ትቶ «ምናልባት» ይለው ጀመር፤ እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል። ለነገሩ ባልዲዎቹ አፍስሰው አያውቁም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የሚስቱ ወንድም መጣ። ይህ ሰው ሾፌር ነው። የጭነት መኪናውን ከሱቁ ደጃፍ ያቆምና ሻይ ፉት እያለ መንገድ ላይ የሰማውን፣ ስልኩ ላይ ያየውን ሁሉ አራግፎ ይሄዳል። እሱ ቀለል ይለዋል። የሚከብደው ለተቀባዩ ነው።

«ጋሼ፣ ሰምተሃል?» አለ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ እየተቀመጠ።

«ምኑን?»

«የኤሌክትሮማግኔት ምት ይሉታል። ከሰማይ ነው የሚመጣው። ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው፤ ሰውም አይነካ። ስልክ፣ ራዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራውን ዕቃ ሁሉ ግን ባንድ ጊዜ ድርግም!»

«ከሰማይ ማን ነው የሚልከው?»

«ወይ ፀሐይ ስትቆጣ፣ ወይ ሰዎች ሲቆጡ። ሰዎቹ ከሆኑ ቦንብ ከደመና በላይ ያፈነዳሉ። ፀሐይ ከሆነች ደግሞ ከሆዷ ያለውን ወደዚህ ትተፋዋለች።»

ምናልባት መዶሻውን አስቀመጠ። «መኪናህንም ይነካል?»

«የኔን መኪና?» ሾፌሩ ሳቀ። «እሷ ምን ኤሌክትሮኒክስ አላትና! ተገፍታ የምትነሣ መኪና ምቱ ቢመጣ አዝኖላት ነው የሚያልፈው።»

ምናልባት አልሳቀም። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አቀራርቦ አሳየው። «ይህን የሚያክል ነገርስ? ባቄላ የምታክል?»

ሾፌሩ ጣቶቹን አየና ገባው። ከእንጨት ግድግዳው ማዶ የእህቱ የስፌት መኪና ይንጣጣል።

«የእህቴን የጆሮ መስሚያ ነው? ተው እንጂ ጋሼ! ምቱ የሚወደው ረጅም ሽቦ ነው አሉ። እንደሱ ያለው ትንንሽ ዕቃ ላይ ላይደርስም ይችላል።»

ምናልባት ከዚህ ሁሉ ንግግር አንስቶ የያዘው «ይችላል» የምትለዋን ብቻ ነው።

«ታዲያ ሰዎቹ ምን ያደርጋሉ?»

«ብረት ሣጥን ውስጥ ነዋ የሚያስቀምጡት። ክዳኑ ግጥም ያለ፣ ሽንቁር የሌለው። ዕቃው ብረቱን እንዳይነካ ደግሞ ውስጡን ካርቶን ወይ ጨርቅ ያለብሱታል። በብስኩት ቆርቆሮ የሚሞክር አለ፣ በቆሻሻ በርሜል የሚሞክር አለ። አንተማ የቆርቆሮ ንጉሥ ነህ፣ ምን ያሳስብሃል!»

ሾፌሩ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ሄደ። ምናልባት ከዚያ በኋላ የጀመረውን አሸንዳ ሲያጥፍ ዋለ፤ ሊታጠፍ በማይገባው በኩል።

እውነቱን ለመናገር ራዲዮ ቢቃጠል፣ ስልክ ቢቃጠል ግድ የሚሰጠው ሰው አልነበረም። ግድ የሰጠው ከሚስቱ ጆሮ ጀርባ ያሉት ሁለቱ ባቄላዎች ናቸው።

የልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ጆሮ ባንድ ቀን አልደነቆረም። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉባት፤ ቀጥሎ የጀበናው መንተክተክ፣ ቀጥሎ የበር ኳኳታ፣ በመጨረሻ ባሏ። እሱ ሲፈጥረው ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «ምን አልክ?» ትለዋለች፤ ይደግምላታል። «ምን አልክ?» ትለዋለች፤ ጮክ ብሎ ይደግምላታል። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀው ግን እጁን ያወናጭፍና «ተይው» ይላል። ከከንፈሩ ላይ ከሁሉ ቀድማ ማንበብ የቻለቻት ቃል ይቺ ናት። ተይው። እያደረች መጠየቁን ተወችው። ባልና ሚስቱ ጨውም፣ በርም፣ መብራትም በጣት እየተጠቋቆሙ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት እንግዳ መስለው ብዙ ዘመን ኖሩ።

ርቃ የምትሠራው ልጃቸው ይህን አይታ መስሚያ አመጣች። የመጀመሪያው ሽቦ የተንጠለጠለበት፣ በሆነ ባልሆነው የሚያፏጭ ነበር፤ እሱን መሳቢያ ውስጥ ጣሉት። ሁለተኛው እነዚህ ትንንሾቹ ናቸው። ልጅቱ ከእናቷ ጆሮ ላይ ስትሰካቸው ምናልባት ጥግ ይዞ «ምናልባት አይሠራላት ይሆናል» ብሎ አጉተመተመ።

«ይሠራል!» አለች ሚስቱ፣ ፊቷን ሳታዞር።

ሰውዬው ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስቱ አፋቸው አልተገጠመም። እሱ በሱቁ፣ እሷ በስፌት ክፍሏ ሆነው በእንጨቱ ግድግዳ በኩል ቀኑን ሙሉ ይጨቃጨቃሉ፤ ያለፈውን ዘመን ዝምታ ሁሉ ባንዴ ሊያካክሱት ነው የሚመስለው። ልጃቸው ወደ ሥራዋ ስትመለስ ታዲያ አስጠንቅቃለች፦ «አደራ፣ እንደነዚህ ያለው በቀላሉ አይገኝም። ቢበላሽ ሌላ እስኪመጣ ድረስ ብዙ መጠበቅ ነው።»

እንግዲህ ምናልባት እግሩ ማረፍ ቢያቅተው ይፈረድበታል?

ሥራውን በብስኩት ቆርቆሮ ጀመረው። ሣጥኑ ምቱን መከላከል አለመከላከሉን የሚያውቅበት ዘዴም አበጀ፦ ትንሿን የባትሪ ራዲዮ ይከፍትና እንዳወራች ሣጥን ውስጥ ያስገባታል። ከሰማይ የሚመጣ ነገር ወደ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ራዲዮዋ ወሬዋን ትቀጥላለች፤ የማያልፍ ከሆነ ጣቢያው ይጠፋባትና ሽሽሽ ብቻ ትላለች። ክዳኑን ገጥሞ ጆሮውን ለጠፈበት። የኳስ ጨዋታ አስተላላፊው የብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ሆኖ አንዱን ተጫዋች ይራገማል።

ሚስቱ ከበሩ ላይ ቆማ በሳቅ ፈረሰች። «ሰውዬው ሣጥን ውስጥ ገብቶም አላረፈም!»

«ክዳኑ ነው» አለ ምናልባት። «ክዳኑ ልል ነው።»

የብስኩቱን ቆርቆሮ ጥሎ የራሱን ሣጥን ሠራ። ወፈር ያለ ቆርቆሮ መረጠ፤ መገጣጠሚያውን ሁሉ በእርሳስ በየደው፤ ለሚስቱ ነውና አረንጓዴ ቀለም ቀባው። ቀለሙ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ ሲያሰጣው ቀና ብሎ ፀሐይዋን በጥርጣሬ ዓይን አያት፤ ማድረቁንስ ታድርቀው፣ ሌላ ነገር ግን እንዳታስብ። ራዲዮዋን አስገባና ገጠመው። አሁን ደግሞ አንዲት ሴት ስለ ጥርስ ጤንነት ትመክራለች፤ ድምፅዋ ቀጠን ቢልም ምክሯ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ማጠፊያውን ቀየረ። ሴትዮዋ ቀጠለች። ክዳኑን በመዶሻ ቀጠቀጠው። ቀጠለች። ደንበኛ መጥቶ «ባልዲዬስ?» ቢለው፣ «ምናልባት ነገ» አለው፤ ሰውዬው ደግሞ ትናንትም የተባለው ይህንኑ ነው።

ሚስቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጥታ ሣጥኑን አገላበጠችው። በጥፍሯ የክዳኑን ከንፈር ፋቅ ፋቅ አደረገች።

«ይህን ለምን ቀባኸው?»

«እንዲያምርልሽ ነዋ።»

«ከላይ አምሮልኛል። ክዳኑና ሣጥኑ በሚነካኩበት በኩል ግን ማን ያየዋል? ብረቱ ከብረቱ ጋር ይንካካ ስትል አልነበር? አሁን በመሃላቸው ቀለም ተኝቷል።»

ምናልባት ሣጥኑን አየው፤ እሷን አያት፤ የብርጭቆ ወረቀቱን አነሣ። የሣጥኑን አፍና የክዳኑን ከንፈር ዙሪያውን ፋቀው፤ ብረቱ እንደ መስተዋት እስኪያብረቀርቅ ድረስ። የክዳኑንም ከንፈር አስረዝሞ ወደ ታች እንዲወርድ አደረገው፣ እንደ ባርኔጣ። ራዲዮዋን አስገብቶ ጫን አድርጎ ገጠማት።

ሽሽሽሽ።

«ዝም አለ!» አለ። መዶሻውን ወርውሮ እንደ ልጅ አጨበጨበ። «ስሚው እስቲ! ዝም አለ እኮ!»

«ሰማሁት» አለች ሚስቱ። «በሕይወቴ ዝም ሲል የሰማሁት የመጀመሪያው ቆርቆሮህ ነው።» ሄዳም ከአንዲት ሙሽራ ቀሚስ የተረፈ ቀይ የከፋይ ጨርቅ አምጥታ ውስጡን አለበሰችው። ለቀልዱም ቢሆን አሳምራ ነው የሰፋችው።

መጀመሪያ መስሚያዎቹ ሣጥኑ ውስጥ የሚገቡት ስትተኛ ብቻ ነበር። ያን ጊዜስ ከጆሮዋ ማውለቋ አይቀርም፤ ምን ከፋት? ከዚያ ነጎድጓድ ሲመጣ ሆነ። «እስቲ ላንድ አፍታ አውልቂያቸው» ይላል፣ ሣጥኑን እንደ ትሪ በሁለት እጁ ይዞ እየመጣ። ከዚያ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል። ከዚያ ራዲዮዋ ስለ ጦርነት ስታወራ፤ የራዲዮ ነገር ደግሞ የታወቀ ነው፣ ስለ ጦርነት የማታወራበት ሰዓት የለም። ከዚያ ፀሐይዋ በርትታ ስትወጣ። እሷም አንዳንዴ እየሳቀች፣ አንዳንዴ እየተቆጣች ታወልቃቸዋለች። ሣጥኑን ሲዘጋ የሚተነፍሰውን ትንፋሽ ስታይ አንጀቷን ይበላዋል።

«አንተ ሰው፣ ልትጠብቅልኝ ነው ወይስ ልትደብቅብኝ?» አለችው አንድ ቀን።

«ምናልባት ዛሬ ቢመጣስ?»

«ምናልባት ባይመጣስ?»

ይህኛው «ምናልባት» ለእሱ አዲስ ነበር። ክዳኑን ጫን አደረገው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ሲቀጠቅጥ አንዲት ደንበኛ፣ የሰፈሩ ትምህርት ቤት መምህርት፣ ወደ ስፌት ክፍሉ ስትገባ ሰማ። መስሚያዎቹ ሣጥኑ ውስጥ ናቸው፤ ጠዋት ደመናው አላማረውም ነበር።

«እትዬ፣ እጅጌው እዚህ ጋ ሰፋ ብሎ፣ ወደ ታች ጠበብ እንዲል ነው የምፈልገው» አለች መምህርቷ።

«ምን አልሽ?»

«ሰፋ ብሎ፣ ወደ ታች ጠበብ!»

«ይጥበብ?»

«አይ፣ ከላይ ሰፋ… ተይው እትዬ፣ ተይው። ደስ እንዳለሽ አድርጊው።»

መዶሻው ቆርቆሮውን ስቶ የምናልባትን ጣት መታው። ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ግድግዳውን እያየ ተቀመጠ። ከማዶ የስፌት መኪናው ድምፅ የለም። መምህርቷ ከሄደችም በኋላ ብዙ ጊዜ ድምፅ አልነበረም።

ሌላ ሰው ቢሆን ተነሥቶ ሣጥኑን ይከፍት ነበር። ምናልባት ግን ሁልጊዜ በቆርቆሮ የሚያስብ ሰው ነው። ጣቱን እየመጠጠ ያሰበው እንዲህ ነው፦ ለካ ስህተቱ ሣጥኑ ማነሱ ነው! መስሚያውን ከእሷ ነጥሎ ሣጥን ውስጥ ከማስገባት፣ እሷን ከነመስሚያዋ ሣጥን ውስጥ ማስገባት!

በማግሥቱ የስፌት ክፍሉን በቆርቆሮ ማልበስ ጀመረ። ግድግዳውን ለበጠ፣ በሩን ለበጠ፣ መስኮቱ ላይ የሽቦ ወንፊት ወጠረ። ሚስቱ ከዚህ ጥግ ወደዚያ ጥግ እየተገፋች፣ መኪናዋን እየጎተተች ትሰፋለች።

«ልትጠብሰኝ ነው?» አለችው። «ዳቦ አደረግኸኝ እኮ!»

«ሲያልቅ ቀኑን ሙሉ ታደርጊዋለሽ። ማንም አውልቂ አይልሽም።»

«እስካሁንስ ማን ነበር አውልቂ ያለኝ?»

ሾፌሩም መጥቶ አየና ራሱን ያዘ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ለወሬ ነው ያመጣሁት! እህቴ፣ ይቅር በይኝ፤ ከእንግዲህ እዚህ ቤት ስለ ቲማቲም እንኳ አላወራም።» ይህን ብሎ ግን አፉ መቼ ያርፍለታል፤ ወጥቶ መኪናውን እያስነሣ በመስኮት፦ «በዚህ ሰሞን ፀሐይዋ ተቆጥታለች እያሉ ነው፤ ነገ ተነገ ወዲያ ይደርሳል አሉ!» ብሎ ሄደ።

ያን ጊዜ ምናልባት ነፍሱ ከሥጋው ልትለይ ምንም አልቀራት። የቀረው ጣሪያው ብቻ ነው። የስፌት ክፍሉ አሮጌ ጣሪያ ሽንቁር በሽንቁር ነበርና አንዱን ወገን ገና ትናንት ነቅሎ አውርዶታል፤ ከመስፊያው ወንበር በላይ ሰማይ ይታያል። በማግሥቱ ማለዳ ሚስቱን መስሚያዎቿን አስወልቆ፣ ሁለቱን ባቄላዎች ቀዩ ከፋይ ላይ አስተኝቶ፣ ሣጥኑን ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ፣ መደርደሪያው ላይ ሰቀለው። ለሙሽራ የሚደርስ ልብስ ስለነበረባት እሷ ከመኪናዋ ላይ አልተነሣችም። እሱ ትልቁን አዲስ ቆርቆሮ በገመድ ስቦ ጣሪያው ላይ ወጣ።

ባለሙያ ሁሉ እንደሚያደርገው ምስማሮቹን ከንፈሩ መሃል ይዟል። ቆርቆሮውን ከክፍቱ በላይ አጋድሞ ለማስተካከል ሲንጠራራ እግሩ መሰላሉን ገፋው። መሰላሉ አጥሩን ታክኮ ቀስ ብሎ ወደቀ። እሱን ሊያይ ዞር ሲል ቆርቆሮው ሸርተት አለ።

የጣሪያው ተዳፋት ወደ ክፍቱ ነው። ቆርቆሮው ጫፉን ወደ ክፍቱ ቁልቁል ሰዶ ሊሄድ ሲል ምናልባት በሆዱ ተወርውሮ የላይኛውን ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘው። ጠርዙ መዳፉን በላው። ቆርቆሮው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጫፉ ግን እንደ ቢላዋ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ሚስቱ ናት፤ ጀርባዋን ሰጥታ፣ አንገቷን ደፍታ ትሰፋለች።

«ተነሺ!» ሊል ሲል አፉ ምስማር ሞልቶታል። ተፋና ጮኸ። «ተነሺ! ከዚያ ተነሺ!»

ዕድሜ ልኩን እንደዚያ ጮሆ አያውቅም። ሁለት ቤት ተሻግሮ ውሻ ጮኸ። ሚስቱ ክሩን በጥርሷ በጠስ አድርጋ ሌላ ክር ሳበች።

«አንቺ! እመቤቴ! ተነሺ!»

የስፌት መኪናው ይንጣጣል። ምናልባት እጁ መንሸራተት ሲጀምር ተሰማው፤ ደምና ላብ ተደባልቆበት ቆርቆሮው ሙልጭልጭ ብሏል። ብርታት አድርጎ ቢስበው አልመጣ አለው፤ ቢለቀው ደግሞ የሚሄድበት ታውቋል። መንገዱ ባዶ ነው። መደርደሪያው ላይ ያለውን አረንጓዴ ሣጥን ያየዋል፤ ቀለሙ ያማረ፣ ክዳኑ ግጥም ያለ፣ ምንም የማያስገባ። በገዛ እጁ የሠራው ከሁሉ የሚበልጥ ሥራው ነው።

ጥቂት ምስማሮች ከአገጩ ሥር ተበትነው ነበር። በከንፈሩ አንዱን ለቀመና በክፍቱ በኩል ተፋው። ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አላየችውም። ሁለተኛውን ተፋ፤ የሙሽራዋ ነጭ ልብስ ላይ አረፈ። እጇ ቆመ። ምስማሩን አነሣችና አገላብጣ አየችው። ሦስተኛው አጠገቡ ጠብ አለ። ያን ጊዜ ቀና አለች።

ያየችው ባሏን ነው፤ በሆዱ ተኝቶ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ። ቆርቆሮው ከእሷ በኩል ሲታይ ቀጭን መስመር እንጂ ቆርቆሮ አይመስልም።

«ምን አልክ?» አለችው።

«ተ-ነ-ሺ!»

ከንፈሩን ለማንበብ ብላ ተነሣችና ይባስ ብላ ቀረብ አለች፤ ልክ ከጫፉ ሥር ቆመች። ምናልባት ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። እጁን ለደግ ነገር ማወናጨፍ ያማረው፣ ሂጂ ብሎ ማወናጨፍ፣ ያን ቀን ብቻ ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ እጅ የለውም።

«ምን አልክ?» አለች ደግማ።

እሱም ደገመላት። በትንፋሹ ሁሉ ደገመላት። «ተነሺ! ሂጂ! ወዲያ!»

ሦስተኛውን «ምን አልክ» አላለችም። ፊቱን አተኩራ አየችው፤ ግንባሯ ተቋጠረ፤ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ጥግ ሄደች። ምናልባት ተቆጥታ መስሎት ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። እሷ ግን የሄደችው ወደ ሣጥኑ ነው። ክዳኑን አልከፈት ቢላት ከደረቷ አስጠግታ ነቀለችው፤ አንዱን ባቄላ በአንድ ጆሮዋ፣ ሌላውን በሌላው ሰካች። ዞር ብላ «አሁን ንገረኝ» ስትል የምናልባት ጣቶች ተፈቱ።

ቆርቆሮው ወንበሯ ላይ ወረደ። የወንበሩን መደገፊያ ለሁለት ሰንጥቆ፣ ከተለበጠው ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ፣ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። በቆርቆሮ በተለበጠ ክፍል ውስጥ ያ ድምፅ ምን እንደሚመስል የሰማው ያውቀዋል። ሚስቱ ሁለት ጆሮዋን ይዛ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

ጸጥ ሲል ወንበሩን አየች፤ ጣሪያውን አየች።

«ሰማሁ» አለች።

ምናልባት ፊቱን ቆርቆሮው ላይ ደፍቶ ይተነፍሳል። እሷ ወደ ውጭ ወጣች። የወደቀው መሰላል አጠገብ ቆማ ቀና አለች።

«አልተጎዳህም?»

«እጄ ብቻ።»

«ምን ልትለኝ ነበር?»

አሁን ምን ብሎ ይጀምር? አፉም በለመደበት በኩል ሄደ። «ተ…»

«በላታ!» አለችው። «እሷን ቃል ጨርሳትና መሰላሉን አላነሣልህም። እዚያው ከፀሐይዋ ጋር ተፋጠህ ትውላለህ።»

ምላሱን ነከሰ። ቀጥሎ «ምናልባት…» ሲል፣

«ምናልባትም የለም። እሱንም ትተህ ንገረኝ።»

ያለ «ምናልባት» መናገር ለእሱ ያለ መሰላል ከጣሪያ እንደመውረድ ነው። ቢሆንም ሞከረው። «ፀሐይዋን አይደለም የፈራሁት» አለ፣ ወደ ታች ሳያይ። «እነዚያ ነገሮች ተቃጥለው እንደገና ‹ምን አልክ› ስትዪኝ… እኔ ደግሞ እንደገና እጄን የማወናጭፈውን ሰውዬ ልሆን ነው። እሱን ሰውዬ ነው የፈራሁት።»

ሚስቱ ወገቧን ይዛ፦ «እንግዲያ ሣጥኑ የሚያስፈልገው ላንተ እጅ ነበራ! ምነው ቀድመህ አትነግረኝም፤ ለእጅህ የሚሆን ከፋይ ሞልቶኛል።»

ጣሪያው ላይ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ ተሰማ።

«ቢቃጠልስ?» አለ።

«ቢቃጠል ሦስተኛ ጊዜም ትደግምልኛለህ። አራተኛም። አሁን እንዳደረግኸው። ድምፅ አለህ ለካ! የጎረቤቱ ውሻ ሁሉ ሰምቶሃል።»

መሰላሉን አነሣችለት። ሲወርድ እጁን አየችና እየተቆጣች በተረፈው ነጭ ጨርቅ ጠቀለለችለት። ከዚያ ገብታ መሳቢያውን ጎረጎረች፤ ያን ሽቦ የተንጠለጠለበትን፣ የሚያፏጨውን አሮጌ መስሚያ አወጣች፤ ቀዩ ከፋይ ላይ አስተኛችውና ክዳኑን ጫን አደረገች።

«ለክፉ ቀን እሱ ይተኛ» አለች። «እኔ ልስማ።»

ምናልባት ሣጥኑን አየ፤ መከራከሪያ ፈለገ፤ አጣ። እንዲያውም ነገሩን ሲያወጣው ሲያወርደው ከመጀመሪያውም መደረግ የነበረበት ይኸው ነው። ይህን ግን አልተናገረም፤ ሁሉንም ነገር ባንድ ቀን መናገር ደግ አይደለም።

ፀሐይዋ በማግሥቱ ተቆጥታ ይሁን ተደስታ እንደ ወትሮዋ ወጣች። ራዲዮዋም ታወራለች። ጣሪያው ተከደነ፤ የግድግዳውን ቆርቆሮ ግን ሚስቱ አስነቀለችው፤ ድምፅዋ እየተመለሰ ጆሮዋን በላት። ከነቀለውም ለደንበኞቹ ባልዲ ሠራበት። ምናልባት አሁንም እግሩ አያርፍም፤ ደመና ሲያይ ይቆማል፣ መብራት ብልጭ ሲል መዶሻው አየር ላይ ይቀራል፣ ዓይኑም ወደ አረንጓዴው ሣጥን ይሄዳል። ሾፌሩ ደግሞ በቀደም መጥቶ «ስለ ባሕር ውኃ መጨመር ሰምተሃል?» ሊለው ሲል እህቱ ከግድግዳው ማዶ «አንተ!» ብላ ጮኸችበትና ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ዛሬ ምናልባት አሸንዳ ይቀጠቅጣል። ከማዶ የስፌት መኪናው ይንጣጣል።

«ምናልባት ነገ ይዘንብ ይሆናል» አለ ለራሱ።

«ምን አልክ?» አለች ሚስቱ።

«ይዘንብ ይሆናል አልኩ።»

«ምን? መዶሻህ እኮ አላሰማኝም!»

መዶሻውን አስቀመጠ። ከባልዲው ላይ ተነሥቶ፣ ጉልበቱን እያሸ፣ በሩ ድረስ ሄደና መቃኑን ተደግፎ ቆመ። እሷ መኪናዋን አቁማ ቀና ብላ ትጠብቀዋለች።

«ነገ ይዘንባል» አለ።